ሞተር ባትሪ አልሞላ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት በምን ይመርመር? አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጠዋት የሞተር ሳይክላችሁን ቁልፍ አዙራችሁ ማስነሻውን ስትጫኑ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ሞቶም ሊሆን ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው የሞተው የሚሞላው አጥቶ ነው። አዲስ ይገዛል፣ ትንሽ ቀን ይሰራል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቀጥሎ ሬጉሌተር ይቀየራል። ቀጥሎ ስቴተሩ ይፈታል። ሦስት ዕቃ ተገዝቶ ሲያበቃ ጥፋተኛው አንድ የተቃጠለ ሶኬት ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው የባትሪና የሬጉሌተር ብራንዶችን አይደለም። ከዚያ በፊት የሚመጣውን ምርጫ ነው፤ ጥፋቱን በምን መንገድ እንፈልገው? በየጋራዡና በየሰፈሩ የሚሰራባቸው አምስት መንገዶች አሉ። አንዱን ጨርሶ እንድትተዉት እመክራለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ኢንጂኑ ሲዞር ከጎኑ ያለው ማግኔት በስቴተሩ ጥቅል ሽቦ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ስቴተሩ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሬጉሌተሩ ያንን ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ) ይቀይርና ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። ከዚያ በሽቦና በሶኬት አልፎ ባትሪው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፦ ስቴተር፣ ሬጉሌተር፣ ሽቦና ሶኬት፣ ባትሪ። አምስተኛም አለ፤ ሞተሩ ቆሞ እያለ ባትሪውን የሚመጥ ነገር። አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተያያዘ የስልክ ቻርጀር ሊሆን ይችላል።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛ፣ መንገዱ ከአራቱ ተጠርጣሪዎች ጥፋተኛውን ለይቶ ይነግረናል ወይ? ወይስ «ቻርጅ አያደርግም» ብሎ ብቻ ያቆማል? ሁለተኛ፣ ስንመረምር ደህናውን ዕቃ እናበላሽ ይሆን? ሦስተኛ፣ ስንት ብርና ስንት ጊዜ ይፈጃል? አራተኛ፣ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ብልሽትን ይይዛል ወይ? ሬጉሌተርና ስቴተር ቀዝቃዛ ሲሆኑ ደህና መስለው ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚያቆሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከአራቱ ለኔ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ምንም ያልነገረን ምርመራ ጊዜያችንን ብቻ ነው የሚበላው። ዕቃ ያቃጠለ ምርመራ ግን የአንድ ዕቃ ችግር የነበረውን የሁለት ያደርገዋል።

1. ኢንጂኑ እየሰራ የባትሪ ሽቦ መንቀል

ይሄ የቆየ ዘዴ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ የባትሪው አንድ ሽቦ ይነቀላል፤ ኢንጂኑ ካልጠፋ «ቻርጅ ያደርጋል»፣ ከጠፋ «አያደርግም» ይባላል። ነጻ ነው፣ መሣሪያም አይጠይቅም።

መልሱ ግን የማይታመን ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ስቴተሩ ላይ ካለ ሌላ ጥቅል ነው። ባትሪ ቢኖርም ባይኖርም ኢንጂኑ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ አለመጥፋቱ ባትሪው መሙላቱን አያሳይም።

የባሰው ደግሞ ጉዳቱ ነው። ባትሪ ከመስመሩ ሲወጣ የቮልቴጁን መዋዠቅ የሚያረግብ ነገር አይኖርም። ነዳጅ ሲሰጠው ቮልቴጁ በድንገት ዘሎ አምፖል፣ ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ዕቃ)፣ የዳሽቦርድ ቆጣሪ ወይም ራሱን ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ፊውል ኢንጀክሽን ባለው ሞተር ላይ ከተደረገ ደግሞ የሚቃጠለው ኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ ከባትሪ እጅግ ይበልጣል። የድሮ ቀላል ሞተሮች ይህን ስለሚችሉት ነው ልማዱ የቆየው። መካኒካችሁ ሊነቅል እጁን ሲሰድ ካያችሁ በትህትና አስቁሙት።

2. ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር

ተመሳሳይ ሞተር ካለው ጓደኛ ባትሪ መዋስ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሙሉ ባትሪ ገብቶ ሞተሪኖው እንደ ልቡ ካዞረ፣ ቢያንስ የማስነሻው በኩል ደህና መሆኑን አወቅን። ሌላም ጥቅም አለው። የሞተ ባትሪ ራሱ ቮልቴጁን ወደ ታች ስለሚጎትት፣ ደህናውን ስቴተር ጥፋተኛ ያስመስለዋል።

ሬጉሌተርን በመቀያየር መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው። ሶኬቱ ልክ ስለገባ ሽቦው ይገጥማል ማለት አይደለም። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የእግሮቻቸው ቅደም ተከተል የሚለያይ ሬጉሌተሮች አሉ። የተሳሳተ ሲገጠም ወይ ፊውዝ ይበላል፣ ወይ የተዋስነው ዕቃ ይቃጠላል። የጓደኛን ዕቃ አቃጥሎ መመለስ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ነው።

ገዝቶ መሞከር ደግሞ ከሁሉም ውዱ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ የሚመልስ ሱቅ እምብዛም አይገኝም።

3. በአምፖል መሞከር

ሁለት ሽቦ የተያያዘበት የፍሬቻ አምፖል ከሁሉም የረከሰ መሣሪያ ነው። እኔ ቦርሳ ውስጥ መኖሩን እወዳለሁ። ኤሌክትሪክ እስከ የት ደርሶ የት እንደቆመ ያሳያል፦ ፊውዙን አልፏል? ቁልፉ ጋ ደርሷል? በቴስተር (ቮልት በሚለካው መሣሪያ) የማይገኝ አንድ ጥቅምም አለው፤ ኤሌክትሪኩን እየተጠቀመ ነው የሚፈትነው። ከውስጥ ተበጣጥሶ በሁለት ክር የቀረ ሽቦ ላይ ቴስተሩ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ አምፖሉ ግን ደብዝዞ ያጋልጠዋል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። 12.3 ቮልትንና 14.2 ቮልትን በዓይን መለየት አይቻልም። የኛ ጥያቄ ደግሞ ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ስቴተር ላይም እንዳትሞክሩት፤ የሚወጣው ቮልቴጅ ከ12 በጣም ስለሚበልጥ አምፖሉ ወዲያው ይበጠሳል። ወደ ኮምፒውተር የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎችንም አትንኩበት።

4. በዲጂታል ቴስተር መለካት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ይሄ ነውና። በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ የሚሸጠው ዲቲ 830 የሚባለው ትንሽ ቢጫ ቴስተር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ዋጋው ከአንድ የሞተር ባትሪ ያነሰ ነው።

ከመለካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ቀዩ ገመድ 10 አምፔር የሚል ቀዳዳ ውስጥ እንዳይሆን። እዚያ ተሰክቶ ባትሪ ላይ ቮልት ለመለካት ከሞከራችሁ ባትሪውን ሾርት ማድረግ ነው፤ በርካሾቹ ላይ ያ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ሁለተኛ፣ የቴስተሩ የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማሳየት ይጀምራል። ሞተሩ ደህና መስሏችሁ ትታለላላችሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ላይ አድርጉ። ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ከሆነ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። 12 አካባቢ ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ማስነሻውን ስትጫኑ ከ10 ቮልት በታች ወርዶ ከቀረ ባትሪው ደክሟል። ባዶ ባትሪ ይዛችሁ አትቀጥሉ። መጀመሪያ በውጭ ቻርጀር በዝግታ ሙሉት፤ ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ያህል ይበቃዋል።

ቀጥሎ አስነሱት። ሚኒሞ ላይ ለኩ፣ ከዚያ ነዳጅ ሰጥታችሁ መካከለኛ ዙር ላይ ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ቻርጅ ያደርጋል። ዙሩ ጨምሮም 12 ተኩል ላይ ከቆመ ወይም እየወረደ ከሄደ አያደርግም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ መግታት አቅቶታል፤ ባትሪው ይፈላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። መብራት ሲጠፋ 14 ሆኖ ሲበራ ከ13 በታች የሚወርድ ከሆነ፣ በኋላ የተጨመሩትን ፓውዛዎች ጠርጥሩ። የትንሽ ሞተር ስቴተር ያን ሁሉ መሸከም አይችልም።

ቻርጅ ካላደረገ፣ ወደ ስቴተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ሶኬቶቹን ንቀሉና በዓይን እዩ። ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ከስቴተር ወደ ሬጉሌተር የሚሄደው ነጭ ሶኬት ወደ ቡናማ ከዞረ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ፣ ያገኛችሁት ይሆናል። ውስጡ ያለው ብረት ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። የቀለጠ ሶኬት በብርጭቆ ወረቀት አይድንም፤ ተቆርጦ አዲስ ይገባል። ናስትሮ ጠምጥሞ መመለስ ችግሩን መደበቅ ነው።

በዓይን ካልታየ ይለካል። ኢንጂኑ እየሰራ መብራቱን አብሩ፤ አንዱን ገመድ የሬጉሌተሩ ፖዘቲቭ መውጫ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ጤነኛ መስመር ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ከ0.3 ቮልት ካለፈ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በኔጋቲቩም በኩል እንዲሁ፦ ከሬጉሌተሩ ኔጋቲቭ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለኩ። ሻሲው ላይ የታሰረችው የኔጋቲቭ ብሎን ዝጋ ስንቱን ሬጉሌተር ያለ ጥፋቱ አስጥላለች!

ሽቦው ደህና ከሆነ የስቴተር ተራ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቴስተሩን ኤሲ 200 ላይ አድርጉ። ከስቴተሩ የሚወጡት ሦስት አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ቢጫ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱም ቁጥር ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ከ50 ቮልት ያልፋል። አንዱ ጥንድ ብቻ ዝቅ ካለ ጥቅሉ ተቃጥሏል። ስትለኩ ባዶ ሽቦውን በእጃችሁ አትንኩ፤ ይነዝራል።

ከዚያ ኢንጂኑን አጥፍታችሁ በኦም (በኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያው) ለኩ። በባለ ሦስት ፌዝ፣ ከሽቦዎቹ አንዱም ከኢንጂኑ አካል ጋር መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ ስቴተሩ ሾርት አድርጓል።

ትንሽ ሞተር ያላችሁ ይቺን ልብ በሉ። በብዙ ባለ 100 እና 125 ሲሲ ሞተሮች ላይ ስቴተሩ ባለ አንድ ፌዝ ነው፤ የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከፋብሪካው ጀምሮ ከኢንጂኑ አካል ጋር ተያይዟል። በብዙ የቻይና ሞተሮች ነጩ ሽቦ ለባትሪ፣ ቢጫው ለመብራት፣ አረንጓዴው ኔጋቲቭ ነው። እዚህ ላይ ከነጩ ወደ ኢንጂኑ አካል ትንሽ ኦም ማሳየቱ ጤንነት ነው። ለትልልቅ ሞተሮች የተዘጋጀ የዩቲዩብ ቪዲዮ አይተው «ሾርት አድርጓል» ብለው ደህና ስቴተር የሚጥሉ ሰዎች አሉ። ርካሽ ቴስተር ደግሞ ገመዶቹ እርስ በርስ ሲነካኩ እንኳ 0.3 ወይም 0.5 ኦም ያሳያል። መጀመሪያ አነካክታችሁ ቁጥሩን ያዙ፣ ከልኬታችሁ ቀንሱት። በባለ አንድ ፌዝ ዋናው ማስረጃ ኤሲ ቮልቱ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ሳይቆራረጥ መጨመሩ ነው።

ባትሪው ሙሉ፣ ሽቦው ንጹሕ፣ ስቴተሩ ጤነኛ ከሆነና አሁንም ካልሞላ፣ የቀረው ሬጉሌተሩ ነው። በቴስተሩ የዳዮድ ቦታ ሊፈተሽ ይችላል፤ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል። ግን ይሄን ፈተና አልፎ ሲሞቅ የሚያቆም ሬጉሌተር ስላለ፣ ሌሎቹን በማጥራት የተገኘውን መልስ ነው ይበልጥ የማምነው። ሲሞቅ የሚመጣውን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ የባትሪውን ቮልት እንደገና ለኩ።

ሁሉም ልክ ሆኖ ሌሊት ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የሚመጥ ነገር አለ። ቁልፉን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በተነቀለው ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መሃል አስገቡ። መጀመሪያ በ10 አምፔር፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በሚሊ አምፔር። ማስነሻውን በፍጹም አትጫኑ። 50 ሚሊ አምፔር የሚመጥ ጂፒኤስ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአራት ቀን ገደማ ባዶ ያደርገዋል።

5. ኤሌክትሪሺያን ጋ መውሰድ

ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ከቴስተር በላይ ያለው ልምድ ነው፤ ሽቦው የት የት ላይ እንደሚታሸት ያውቃል። አንዳንዱ ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትርና ባትሪን በጭነት የሚፈትሽ መሣሪያም አለው። ሽቦው ከሥሩ የተበላሸ ወይም ብዙ ሰው የነካካው ሞተር ከሆነ ጊዜ ሳታጠፉ ውሰዱት።

መለያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ከለካ እመኑት። ቁጥር ሳያሳያችሁ «ሬጉሌተር ግዛ» ካለ ግን «ስንት ቮልት አሳየ ወንድሜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን በስልካችሁ ጻፉት። ሌላ ጋራዥ ብትሄዱ እንኳ ከዜሮ አትጀምሩም።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| መንገድ | ጥፋተኛውን ይለያል? | ዕቃ የማበላሸት አደጋ | ወጪ | የሙቀት ብልሽትን ይይዛል? |
|---|---|---|---|---|
| የባትሪ ሽቦ መንቀል | አይለይም | በጣም ከፍተኛ | ነጻ፣ ካቃጠለ ግን ከባድ | አይይዝም |
| ዕቃ መቀያየር | ባትሪን ብቻ በደንብ | መካከለኛ | በውሰት ነጻ፣ በግዢ ውድ | አንዳንዴ |
| አምፖል | የተቋረጠ መስመርን | ዝቅተኛ | እዚህ ግባ የማይባል | አይይዝም |
| ዲጂታል ቴስተር | አራቱንም | ዝቅተኛ፣ ገመዱ በትክክል ከተሰካ | ከአንድ ባትሪ በታች | አዎ፣ ነድቶ ከለኩ |
| ኤሌክትሪሺያን | አራቱንም፣ ሰውየው ከለካ | እንደ ሰውየው | የእጅ ዋጋና ጊዜ | አዎ፣ ሞተሩን ካሳደሩለት |

ለማን የትኛው?

በሞተር ለምትሠሩ፣ በተለይ ዴሊቨሪ ላይ ላላችሁ፦ ቴስተር ግዙ፤ ሌላ ምርጫ አላይላችሁም። አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል ክልከላ ወዲህ በፈቃድ የሚሠራ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። አጭር ጉዞ ባትሪ አይሞላም። በየሳምንቱ አንዴ ጠዋት፣ ሳታስነሱ ቮልቱን ብትለኩ፣ ቁጥሩ ከ12.6 ወደ 12.3 ሲንሸራተት ሞተሩ መንገድ ላይ ሳይጥላችሁ ታውቃላችሁ።

በጀታችሁ ዛሬ በጣም ጠባብ ከሆነ፦ ሶኬቶቹን ንቀሉና እዩ፣ ኔጋቲቭ ብሎኗን አጽዱ፣ ባትሪ ተዋሱ፣ አምፖል ሥሩ። ይሄ ሁሉ ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

ከጋራዥ ርቆ ገጠር ለሚነዳ፦ ቴስተርም አምፖልም ይያዝ። ባትሪ ሲያልቅ ከመኪና ባትሪ ማስነሳት ይቻላል፣ የመኪናው ኢንጂን ግን ይጥፋ። ከጭነት መኪና ከሆነ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፣ የሞተራችሁን ኤሌክትሪክ በአንዴ ይጨርሱታል።

ፊውል ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ላላችሁ፦ ከባትሪው ላይ ቮልት መለካትና ሶኬት ማየት የናንተ ሥራ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈውን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት።

ስቴተር ወይም ሬጉሌተር ሆኖ ከተገኘ

ስቴተርን ማስጠቅለል ከአዲስ ኦሪጅናል ይረክሳል። ጥራቱ የሚወሰነው ግን በሽቦው ነው። በብዙ ሞተሮች ዘይት ውስጥ የሚግል ስለሆነ ሙቀት የሚችል የመዳብ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ለቤት ማራገቢያ የሚሆነው አይበቃም። የድሮው ከመፈታቱ በፊት ዙሩ መቆጠሩንና የሽቦው ውፍረት መለካቱን አረጋግጡ። ያልቆጠረ ጠቅላይ በግምት ነው የሚሠራው። ያገለገለ ስቴተር ከገዛችሁ ሻጩ ፊት በኦም ለኩት፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ርካሽ ኮፒ ሲሆን ደግሞ የሽቦውን ርዝመትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ከድሮው ጋር አስተያዩ።

ሬጉሌተር ላይ ያገለገለ አልመክርም፤ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ሱቅ ቆሞ ማየት አይቻልም። አዲስ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱና የእግሮቹን ቀለምና ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አመሳክሩ። ስትገጥሙት ከብረት ጋር በደንብ ይጥበቅ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ከገጠማችሁ በኋላ ያው ልኬት ይደገም፦ ሚኒሞ ላይ፣ መካከለኛ ዙር ላይ፣ መብራት በርቶ፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ። ያኔ ከ13.5 በታች ካልወረደና ከ14.8 ካላለፈ የድሮውን መጣል ትችላላችሁ።